የውሃ መሳቢያ ሞተር በደጋ አገር አልስብ ሲል

በበጋ ወራት በመካነ ብርሃንና በአካባቢው ከወንዝና ከምንጭ ዳር ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን የሚያለማ ገበሬ፣ ሞተሩ ውሃ አልስብ ባለው ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው ቃል «ሞተሩ ተበላሸ» የሚል ነው። ሞተሩም ተጭኖ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ይወርዳል። የመንገዱ ዋጋ፣ የመካኒኩ ዋጋና የመለዋወጫው ዋጋ ይከፈላል፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን የሚያልፈው ቀን ነው። ድንች ከሥሩ ፍሬ መያዝ በሚጀምርበት ሰሞን ውሃ ለዐሥር ቀን የተቋረጠበት እንደ ሆነ፣ በኋላ ምንም ያህል ቢያጠጡት ያመለጠውን ምርት አይመልስም። በዚህ ምክንያት በሬ ሸጦ ሌላ ሞተር የገዛ አለ። የገዛውም ሞተር በዚያው ቦታ ላይ በተተከለ ጊዜ እንደ ፊተኛው አልስብ ብሎታል።

በደጋ አገር ውሃ አልስብ ያለ ሞተር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ከሞተሩ ውስጥ አይደለም። ሕመሙ ያለው ከሞተሩ እስከ ውሃው በተዘረጋው ቱቦና ሞተሩ በተቀመጠበት ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቡሎን እንኳ ከመፈታቱ በፊት መመርመር የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የልማት ሠራተኛውም ቢሆን መካኒክ መሆን አያስፈልገውም፤ ገመድ፣ ውሃ ልክና አንድ በርሜል ካለው ይበቃዋል።

ውሃውን ወደ ላይ የሚያወጣው ማን ነው?

ብዙ ሰው ፓምፕ ውሃን እንደ ገመድ ጎትቶ የሚያወጣ ይመስለዋል። ውሃ ግን አይጎተትም። ፓምፑ የሚያደርገው በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ያለውን አየር እያስወጣ ቦታውን ባዶ ማድረግ ነው። ውሃውን ወደዚያ ባዶ ቦታ የሚገፋው በወንዙ ፊት ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ነው። ይኸንን በቤታችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ብርጭቆ በገንዳ ውሃ ውስጥ አስጥማችሁ ሙሉት፤ አፉን ወደ ታች እንዳደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። የብርጭቆው አፍ ከገንዳው ውሃ እስካልወጣ ድረስ በውስጡ ያለው ውሃ ተሰቅሎ ይቀራል። የያዘው የለም፤ በገንዳው ውሃ ላይ የተጫነው አየር ደግፎት ነው።

አየሩ ሊደግፍ የሚችለው ግን ልክ አለው። አፄ ፋሲለደስ በ1636 ግድም ጎንደርን መናገሻቸው አድርገው በሚያሠሩበት ዘመን፣ በኢጣልያ አገር ፓምፕ የሚሠሩ ሰዎች ውሃን በመሳብ ከ10 ሜትር ግድም በላይ ማውጣት እንደማይቻል ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አያውቁም። ጋሊሌዎ በ1638 በታተመው መጽሐፉ ነገሩን አንሥቶታል። ከእርሱ በኋላ ቶሪቸሊ የተባለው ሊቅ በ1643 በመስታወት ቱቦ ውስጥ ባዜቃ ሞልቶ ገልብጦ በማየት፣ ውሃውን የሚደግፈው የአየር ክብደት መሆኑን አስረዳ። በ1648 ደግሞ በፈረንሳይ አገር የፓስካል የእኅቱ ባል ፔሪዬ ይኸንኑ የባዜቃ ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ ወጣ። ከላይ ሲደርስ ባዜቃው ከታች ከነበረበት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወደ ላይ በወጣን ቍጥር ከላያችን ያለው አየር ያንሳል፤ ክብደቱም ይቀንሳል ማለት ነው።

ያ ተራራ ከፍታው 1,465 ሜትር ነው። ከጣና ሐይቅ ወለል እንኳ ያነሰ ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን የሚያውቅ የሰሜን ሰው ነገሩ ለእርሱ ምን ያህል እንደሚመለከተው ከዚህ ይገምታል።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንምጣ። በባሕር ዳርቻ አየር ደግፎ ሊይዘው የሚችለው የውሃ ቁመት 10.3 ሜትር ነው። በፎገራ ሜዳ፣ ማለት በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ይህ ወደ 8.3 ሜትር ይወርዳል። በ2,500 ሜትር 7.6፣ በ3,000 ሜትር 7.1፣ በ3,500 ሜትር 6.7 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ፓምፑ ፍጹም ባዶ ቦታ ሊያበጅ ቢችል ነው፤ እንዲህ ያለ ፓምፕ ደግሞ የለም። ውሃው በቱቦው ውስጥ ሲሄድ ከሚገጥመው ሰበቃና ፓምፑ ራሱ ከሚፈልገው ግፊት የተነሣ ወደ 3 ሜትር ያህል መቀነስ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ገበሬ ከውሃው ፊት እስከ ፓምፑ ያለውን ቁመት ከ4 ሜትር ባያሳልፍ ይሻለዋል። በ2,500 ሜትር 4 ሜትር ተኩል፣ በ3,500 ሜትር ሦስት ሜትር ተኩል ቢይዝ ነው።

ከሞተሩ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ «7 ሜትር ይስባል» ወይም «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ ይጻፋል። ያ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። ፋብሪካው አልዋሸም፤ ግን ስለ ጃናሞራ አላሰበም።

ካየኋቸው አንዱን ልጥቀስ። ከመካነ ብርሃን በታች ባለ አንድ ወንዝ ዳር ጥቂት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ በፎገራ በርብ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ሲያለማ ከነበረ ሰው ባለ 3 ኢንች አሮጌ ሞተር ገዙ። ሞተሩ እዚያ ሳለ ውሃ ሲስብ በዓይናቸው አይተዋል። እዚህ ሲተክሉት እንቢ አለ። ወደ ከተማ ተወስዶ ካንዴላው ተለወጠ፤ ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፤ ሲሉም ተለወጠ። ተመልሶ ሲመጣ ያው ነው። ከገበሬዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሞተሩስ ይጮኻል፤ ውሃው ነው ያልሰማው» አሉኝ። ከውሃው ፊት እስከ ፓምፑ አፍ ያለውን ቁመት በገመድና በውሃ ልክ ብንለካው 5 ሜትር ከ80 ሆነ። በዳገቱ ላይ መደብ ተቈርጦ ሞተሩ 2 ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ውሃው መጣ። ሻጩም አላታለላቸውም፤ ለጥገና የወጣው ገንዘብ ግን በከንቱ ቀረ።

ቁመቱን እንዴት እንለካለን?

የሚለካው የቱቦው ርዝመት አይደለም። ቱቦው በዳገት ላይ 10 ሜትር ተኝቶ ቁመቱ 3 ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው ከውሃው ፊት ቀጥ ብሎ እስከ ፓምፑ መሳቢያ አፍ ድረስ ያለው ቁመት ነው። በእርከን ሥራ ጊዜ የምትይዙት ገመድና ውሃ ልክ ለዚህ ይሆናል። አንዱ ሰው ባለ 1 ሜትር ምልክት እንጨቱን በውሃው ዳር ያቆማል፤ ሌላው ገመዱን አግድም ወጥሮ ዳገቱን የሚነካበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ ወደ ምልክቱ እየተሻገሩ እንደ ደረጃ መቍጠር ነው።

ይህ ልኬት አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚቀር አይደለም። የደጋ ወንዝ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት እየቀነሰ ይሄዳል። በታኅሣሥ በ3 ሜትር ተኩል ይስብ የነበረ ሞተር፣ ወንዙ 1 ሜትር ሲወርድ በመጋቢት እንቢ ይላል። ገበሬው «ትናንት ደኅና ነበር፤ ዛሬ ተበላሸ» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ አልተለወጠም፤ ወንዙ ነው የወረደው።

ሞተሩን ወደ ውሃው ስለ ማስጠጋት ብርቱ ማስጠንቀቂያ

ሞተሩን ወደ ውሃው አስጠጉ ስንል ወደ ጉድጓድ አውርዱ ማለታችን አይደለም። ይኸንን የልማት ሠራተኛ ሁሉ ደጋግሞ መናገር ይገባዋል። ከቤንዚንም ሆነ ከናፍጣ ሞተር በሚወጣው ጢስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ አለ። ጋዙ መልክ የለውም፤ ሽታም የለውም። በጉድጓድ ውስጥ ወይም በሦስት ወገን በተዘጋ ጠባብ ሥፍራ ሲጠራቀም፣ በዚያ ያለውን ሰው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ከዚያ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ አደጋውን ባወቀ ጊዜም ወጥቶ ለማምለጥ አቅም አያገኝም። ሊያወጣው ተከትሎ የሚወርደውም በዚያው ይቀራል። በአንድ ጉድጓድ ወንድማማቾች ወይም አባትና ልጅ አብረው የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጋዙ በጉድጓዱ ውስጥ ይቈያል።

ስለዚህ መደቡ መቈረጥ ያለበት በወንዙ ዳገት ፊት፣ ነፋስ በሚያገኘው ግልጥ ቦታ ላይ ነው። የጢሱ መውጫ ማርሚታ ወደ ነፋሱ መሄጃ ይዙር። ውሃችሁ ያለው በጥልቅ የእጅ ጉድጓድ ከሆነ በላዩ የሚቀመጥ የሞተር ፓምፕ ለእናንተ አልተሠራም። በገመድና በጎማ ቀለበት ውሃውን እያፈሰ የሚያወጣው የእጅ ፓምፕ፣ ወይም ውሃው ውስጥ ሰጥሞ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ኀይል ፓምፕ ይሻላችኋል። እነዚህ ውሃውን ከታች ያነሡታል ወይም ይገፉታል እንጂ አይስቡትም። ስለዚህ የአገሩ ከፍታ በመሳብ ላይ የሚያመጣው ችግር አይነካቸውም። በእግር የሚረገጠው ፓምፕ ግን ሳቢ ስለ ሆነ ከላይ የተነገረው ልክ ለእርሱም ይሠራል።

ወንዝ ዳር የተቈረጠ መደብ ሌላም ነገር ያስፈልገዋል። የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ የጣለ እንደ ሆነ ደራሽ ውሃ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ማታ ማታ ሞተሩን ወደ ላይ ማውጣት ቢያደክምም፣ በተከዜ ገባሮች ዳር የሚኖር ሰው ደራሽ ውሃ ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም።

በነገራችን ላይ፣ ከማሳው በላይ የሚጠለፍ ምንጭ ወይም ጅረት ያለው ገበሬ ሞተር ባይገዛ ይመረጣል። በጎንደር ከተማ የፋሲለደስ መዋኛ ለጥምቀት በዓል የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነው። ያ ሁሉ ውሃ በራሱ ቁልቁለት ነው የሚሄደው። ሞተር የሚያስፈልገው ውሃው ከማሳው በታች ለሆነበት ሰው ብቻ ነው፤ ቦይ የሚበቃውን ሰው ሞተር እንዲገዛ የሚመክር ባለሙያ ደኅና አልመከረም።

አየር የሚያስገባውን ቀዳዳ ማግኘት

ቁመቱ ተለክቶ ደኅና ሆኖ ሳለ ውሃ አልመጣ ካለ፣ ቀጥሎ የሚጠረጠረው በመሳቢያው በኩል የሚገባ አየር ነው። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ትበቃለች። ከመግፊያው በኩል ያለች ቀዳዳ ውሃ ስለምትረጭ ወዲያው ትታያለች፤ ከመሳቢያው በኩል ያለች ቀዳዳ ግን አየር ወደ ውስጥ ስለምትምግ ምንም አይታይባትም። ሰው የሚደናገረው በዚህ ነው።

ችግሩ ቁመት ይሁን አየር ለመለየት ቀላሉ ፈተና ይህ ነው። ሞተሩን ያንኑ ቱቦ እንደያዘ ከውሃው ፊት 1 ሜትር እንኳ በማይሞላ ቁመት ላይ አስቀምጡትና አስነሡት። ውሃው ቶሎ መጥቶ ሙሉ ሆኖ ከፈሰሰ ጥፋቱ የቁመት ነበር። እየተቋረጠ፣ እያስነጠሰ ከመጣ የመግፊያውን ቱቦ ጫፍ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ንከሩት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላም አረፋው ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ አየር የሚገባበት ቦታ አለ።

ቦታውን ለማግኘት በቱቦውና በፓምፑ መጋጠሚያ፣ በማጥበቂያው ቀለበት ዙሪያና ቱቦው በተቀጠለበት ሥፍራ ሁሉ እርጥብ የሸክላ ጭቃ ወይም ግራሶ አንድ በአንድ ለጥፉ። የለጠፋችሁበት ቦታ ላይ ሲደርስ ፓምፑ ድምፁን ለውጦ ውሃ መሳብ ከጀመረ ቀዳዳው እርሱ ነው። ሻማ ወይም ክብሪት ለኩሶ ነበልባሉ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚመለከት ሰው አጋጥሞኛል። ቤንዚን ባለበት ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ማጥበቂያው ቀለበት ቢላላ ማጥበቅ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚጎዳው በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ የጎማ ቀለበት ነው። በሞተሩ ንዝረትና በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በልኩ ተቈርጦ ቢተካ ለአንድ በጋ ያገለግላል። በገመድና በፌስታል መጠቅለል ግን የመግፊያውን እንጂ የመሳቢያውን ቱቦ አያድነውም።

ስለ ቱቦው ራሱም አንድ ነገር ልብ በሉ። በገበያ ሁለት ዓይነት ቱቦ ይሸጣል። አንደኛው ውስጡ በጠንካራ ጥምዝ የተደገፈ ሲሆን ለመሳቢያ የሚሆነው እርሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ የሚጠቀለለው ነው። ይህ ለመግፊያ እንጂ ለመሳቢያ አይሆንም፤ ፓምፑ አየሩን ሲያስወጣለት እንደ ባዶ አንጀት ይጣበቃል። ርካሽ ስለ ሆነ ሁለቱንም ከእርሱ የሚገዛ አለ።

የመሳቢያው ቱቦ አዘረጋግም ከውሃው ጀምሮ እስከ ፓምፑ ሳያቋርጥ ወደ ላይ የሚወጣ መሆን አለበት። በመካከሉ በድንጋይ ላይ ጉብ ብሎ ተመልሶ የሚወርድ ከሆነ፣ አየር በጉብታው ውስጥ ይቀመጥና ውሃውን ይዘጋበታል።

ፓምፑን ውሃ ሳያጠጡ አለማስነሣት

እነዚህ ፓምፖች አየርን ብቻቸውን ደኅና አድርገው መምጠጥ አይችሉም። ሆዳቸው አስቀድሞ ውሃ መሞላት አለበት። ከላይ ያለው ክዳን ተከፍቶ እስኪፈስስ ይሞላል፤ ከዚያ ክዳኑ በደንብ ይጠብቃል። ያለ ውሃ የተነሣ እንደ ሆነ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ሲል የሚቀዘቅዝበት አጥቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። በእውነት ተበላሽተው ወደ ጎንደር ከሚወርዱት ውስጥ ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት የተበላሹ ናቸው። ሞተሩ ተነሥቶ ሦስት ደቂቃ ከሄደ በኋላ ውሃ ካልመጣ አጥፍቶ ምክንያቱን መፈለግ እንጂ «ይመጣል» እያሉ ነዳጅ ማቃጠል አይገባም።

በቱቦው ጫፍ ላይ የሚገባው ፉት ቫልቭ፣ ማለት ውሃን ወደ ላይ አሳልፎ ወደ ታች የማይመልሰው ክዳን፣ በደጋ አገር የበለጠ ይጠቅማል። ቱቦው ሞልቶ ስለሚጠብቅ ፓምፑ ብዙ አየር በማውጣት አይደክምም። እርሱን ለመፈተን ቱቦውንና ፓምፑን ውሃ ሞልታችሁ ዐሥር ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ከሸሸ ክዳኑ ውስጥ ጠጠር ወይም እንጨት ገብቷል፤ አውጥቶ ማጠብ ነው። ጫፉ ከወንዙ ወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ፣ ከውሃው ፊትም እንዲሁ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ለወለሉ ከቀረበ አሸዋ ይውጣል፤ ለፊቱ ከቀረበ ደግሞ አዙሪት እያበጀ አየር ይስባል። ውሃው ለዚህ ካልበቃ በድንጋይ ገድባችሁ ጥልቅ አድርጉት፤ ጫፉንም አሮጌ ቅርጫት ውስጥ አስገቡት።

ድምፅን መስማት

ልምድ ያለው ሰው ፓምፑን በጆሮው ይመረምራል። ውሃ እየሳበ ሳለ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናወጥ ያለ ድምፅ ከፓምፑ ሆድ የሚሰማ ከሆነ፣ ቁመቱ በዝቷል ወይም የመሳቢያው ማጣሪያ በቅጠል ተዘግቷል። ይህ ድምፅ የእውነት ጠጠር አይደለም፤ ግፊቱ ከመጠን በላይ ሲወርድ በውሃው ውስጥ የሚፈጠሩ አረፋዎች እየፈነዱ የሚያሰሙት ነው። ቸል ከተባለ የውስጡን ተሽከርካሪ ኢምፔለር እንደ ነቀዝ ይበላዋል። የሚጮኸው ግን ከዘንጉ በኩል ሆኖ የብረት ማፏጨት ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ያ የመካኒክ ሥራ ነው።

ውሃው እየመጣ ጥቂት ሲሆን

ለዚህ ሁሉ ባለ ሞተር ሊኖረው የሚገባ አንድ ቍጥር አለ። ሞተሩ አዲስ ተተክሎ ደኅና በሚሠራበት ቀን 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ለክቶ በሞተሩ አካል ላይ በቀለም መጻፍ ነው። በ25 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ 8 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ከሁለት በጋ በኋላ በዚያው ቁመት ላይ 40 ሴኮንድ ከፈጀ፣ ኢምፔለሩ በአሸዋ ተበልቷል ወይም ቆሻሻ ይዟል። ይህ ቍጥር የሌለው ገበሬ «ድሮ ይበረታ ነበር» ከማለት በቀር ለመካኒኩ የሚነግረው ነገር የለውም።

ጥቂት ውሃ የሚያመጣው ሁልጊዜ ፓምፑ አይደለም። በሴኮንድ 8 ሊትር ውሃ በባለ 3 ኢንች ቱቦ 100 ሜትር ቢሄድ በሰበቃ የሚያጠፋው ግፊት 4 ሜትር ያህል ዳገት እንደ መውጣት ነው። ያንኑ ውሃ በባለ 2 ኢንች ቱቦ ለመግፋት ከ30 ሜትር ዳገት በላይ ኀይል ይጠይቃል። ትንሹ ሞተር ይኸን ያህል ግፊት የለውም። ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ገዝቶ የመግፊያውን ቱቦ ለቁጠባ ባለ 2 ኢንች የሚያደርግ ሰው የፓምፑን ትልቅነት ራሱ ሽሮታል።

ሞተሩ ራሱ ሲደክም

ከፍታው የሚነካው ውሃውን ብቻ አይደለም። ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ነው። በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አንድ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ስድስት ተኩል የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ሞተር በ3,000 ሜትር ላይ የሚሰጠው ወደ አራት ተኩል ነው። የቤንዚን ሞተር ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ካንዴላውን በየጊዜው ከመለወጥ ይልቅ በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የምታሳልፈውን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ ለደጋ በተሠራች ጠባብ ማስለወጥ ይሻላል። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ነዳጅም ታድናለች። ሞተሩ ወደ ቆላ ከተመለሰ ግን የፊተኛዋ መመለስ አለባት። የአየር ማጣሪያው ፊልትሮ በአቧራ ከተደፈነም ሞተሩ ይኸንኑ ምልክት ያሳያል፤ ስለዚህ አስቀድሞ እርሱን ማጠብ ይቀላል።

በዳገት አገር ሰውን የሚያሞኝ ሌላ ነገር አለ። በብዙ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ውስጥ ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ መሣሪያ አለ። ሞተሩ አዘንብሎ ከተቀመጠ፣ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ እንኳ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ መሣሪያው ያጠፋዋል። ገበሬው ገመዱን እየሳበ እጁ እስኪላጥ ይደክማል። መፍትሔው ከሥሩ ድንጋይ አስገብቶ ማስተካከል ብቻ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ውርጭ ይጥላል። ማታ በፓምፑ ሆድ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ሲሰፋም የፓምፑን ብረት ይሰነጥቃል። ከዚህ በፊት ያልናቸው ጥፋቶች ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ይጠገናሉ፤ የተሰነጠቀ የፓምፕ ሆድ ግን መለወጥ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ከፓምፑ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን ማታ መፍታት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጧት ሲታሰር ግን ቡሎኗ ከነጎማዋ በደንብ ካልጠበቀች አየር የምትገባበት ቀዳዳ እርሷ ትሆናለች።

ስለ ቤት ኩሬ

ከ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓ.ም.) ጀምሮ በክልላችን ብዙ የቤተሰብ ኩሬዎች ፕላስቲክ ተነጥፎባቸው ተቈፍረዋል። ከእነዚህ ውሃ ሲሳብ የቱቦው ጫፍ ፕላስቲኩን እንዳይቀድ በባዶ ጀሪካን ታስሮ ይንሳፈፍ፤ ጫፉ ግን ከጀሪካኑ በታች አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ይበል። በጎንደር ከተማ በግቢያቸው የሲሚንቶ ገንዳ ሠርተው ዓሣ ለማኖር የሚሹም አሉ። በዚያ ውሃውን የሚያዘዋውረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የሚገፋ ስለ ሆነ ከፍታው አያስቸግረውም። እርሱን የሚያቆመው በመሳቢያው ወንፊት ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ዝቃጭ ነውና በየሳምንቱ በብሩሽ ይጠረግ። የጣና ቆሮሶ ግን ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ዕድገቱ ስለሚዘገይ፣ ወደ መካነ ብርሃን ወስዶ ማርባት አይመከርም።

በቤት መቀመጥ ያለባቸው ዕቃዎች

ከመንገዱ ርቀት የተነሣ ጥቂት መለዋወጫ በቤት መኖሩ ግድ ነው፤ ሁለት የመጋጠሚያ የጎማ ቀለበት፣ ሁለት የቱቦ ማጥበቂያ፣ አንድ ካንዴላ፣ አንድ የማስነሻ ገመድ፣ አንድ ሲል፣ የሞተር ዘይት። ሲሉ የሚገዛው የፓምፑን ስምና የዘንጉን ውፍረት ይዞ ነው፤ «ባለ 3 ኢንች ነው» ብሎ መሄድ አይበቃም። ሞተሩን የገዙት በማኅበር ከሆነ ዕቃው በአንድ ሰው እጅ ሆኖ መዝገብ ይያዝበት።

ክረምት ሲገባ ቤንዚኑን ከሰርባትዮውም ከካርቡራተሩም ጨርሶ ማፍሰስ፣ ዘይቱን መለወጥ፣ ፓምፑን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። ቱቦው ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ ከጣራው ሥር ይሰቀል፤ መሬት ላይ ከተተወ አይጥ ይበሳዋል፤ ያቺን የአይጥ ቀዳዳ በኅዳር ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል።